ኩሬው ሞላ፣ ዓሣው ግን ጣት አከለ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱን ይዣለሁ። አምስቱም የመጡት ከጣና ዙሪያና ከአጎራባቹ ነው። የዓሣ ሥራ የጀመርኩት በባሕር ዳር፣ ዓሣ በመለኪያ ሰሌዳ ላይ እያጋደምኩና ርዝመቱን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ጓደኛዬ መዝገብ ላይ እንድትጽፍ በማድረግ ነበር። ስለዚህ ከዚያ አገር ደብዳቤ ሲመጣ ከሌላው አስቀድሜ እከፍተዋለሁ።

ጥያቄ፦ በወረታ አቅራቢያ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ጥቅምት ወር 10 ሜትር በ15 ሜትር የሆነ ኩሬ አስቆፍሬ 300 የቆሮሶ ጫጩት አስገባሁ። ፉርሽካም እበትም አልነፈግኋቸውም። አሁን ስምንት ወር ሆኗቸዋል። ውኃው በዓሣ ተጨናንቋል፤ ነገር ግን ሁሉም ጣት የሚያህሉ ናቸው። ጎረቤቶቼ «ያመጣሽው ዘር ድንክ ነው» ይሉኛል። ዘሩን ልቀይር? ያሉትንስ ወደ ርብ ወንዝ ልልቀቃቸው?

መልስ፦ እኅቴ፣ የመጨረሻውን ላስቀድም። ወደ ርብ አንዲትም ዓሣ እንዳይለቁ። ምክንያቱን ከታች ለአንድ ወጣት በሰፊው ጽፌዋለሁና እባክዎ ያንንም ያንብቡት።

ዘሩ ድንክ አይደለም። 300 ጫጩት ለ150 ካሬ ሜትር ኩሬ ልከኛ ቁጥር ነው፤ በካሬ ሜትር ሁለት ማለት ነው። ያስገቧቸው 300 ዓሦች ግን ዛሬ 300 አይደሉም። ወልደዋል፣ ልጆቻቸውም ወልደዋል። በእርስዎ ኩሬ ውስጥ የሚኖረው አሁን ሦስት ትውልድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉም ያንኑ ፉርሽካ ይሻማል።

ቆሮሶ እንዲህ የሚሆነው በጠባዩ ነው። በሐይቅ ውስጥ ሲኖር ተረጋግቶ ያድጋል፤ ለመራባትም አይቸኩልም። ጠባብ ኩሬ ውስጥ ሲገባ ግን ሦስት አራት ወር ሲሞላው፣ ክብደቱ ገና 30 ግራም ሳይዘል መራባት ይጀምራል። ወንዱ ኩሬው ዳር፣ ጥልቀት በሌለበት ቦታ መሬቱን በአፉ እየማሰ ክብ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል። ውኃው በጎደለበት ቀን ኩሬዎን ዳር ዳሩን ይመልከቱት፤ ሰሐን የሚያህሉ ጉድጓዶች ያያሉ። ሴቷ እዚያ እንቁላሏን ትጥልና ወንዱ ዘሩን ካፈሰሰበት በኋላ በአፏ ትለቅመዋለች። በአፏ ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም ጥላ ባዩ ቁጥር ወደ እናታቸው አፍ ሮጠው ይገባሉ። በእነዚያ ቀናት እናቲቱ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል። ልጆቿን ስትለቅቅ ጥቂት ትበላና ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ትጀምራለች። እንግዲህ ፉርሽካው ለሥጋ መሆኑ ቀርቶ ለእንቁላል ሆነ ማለት ነው። በዓሣ እርባታ ሥራ ከሰማኋቸው አቤቱታዎች ሁሉ በብዛት አንደኛው ይኸው የእርስዎ ነው። የሚያሳዝነኝ ጫጩት የሚያድለው ሰው ይህን አብሮ አለመናገሩ ነው።

መፍትሔው ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ወንዶቹን ብቻ ማሳደግ ነው። ወንድ ቆሮሶ ከሴቷ ይልቅ ፈጥኖ ያድጋል፤ ብቻውን ከሆነም የሚወልድ የለም። ትልልቅ የማራቢያ ጣቢያዎች ገና የተፈለፈለውን ጫጩት ሆርሞን በተቀላቀለበት መኖ ለሳምንታት እየመገቡ ሁሉንም ወንድ ያደርጋሉ። ያ በባለሙያ እጅ የሚሠራ እንጂ በቤት የሚሞከር አይደለም። እርስዎ ግን በእጅዎ መለየት ይችላሉ። ዓሣው 30 ግራም ገደማ ሲሆን እርጥብ ጨርቅ ላይ ገልብጠው ከሆዱ በታች፣ ወደ ጅራቱ ባለው በኩል ይመልከቱ። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ፣ ሴቷ ሦስት ቀዳዳ አላት። የሴቷ መሐለኛው ቀዳዳ እንደ ቀጭን አግድም ስንጥቅ ስለሆነ ዓይን ያታልላል፤ ጥቂት የምግብ ቀለም በጥጥ ሲቀቡት ይጎላል። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ይሳሳቱ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እጅዎ ይለምደዋል። ይህን ሥራ ከልጆች የሚቀድም ሰው አላየሁም፤ ዓይናቸው ንጹሕ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አምባዛ ማስገባት ነው። አምባዛ የቆሮሶን ጫጩት ይበላል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶው ያነሰ መሆን አለበት፤ አለዚያ የሚያሳድጉትን ይበላብዎታል። ብዛቱም ጥቂት ከሆነ አይበቃም። ለሁለት ወይም ለሦስት ቆሮሶ አንድ አምባዛ ካልሆነ ጫጩቱ ያመልጠዋል። ደግሞም አምባዛ አየር መተንፈስ የሚችል ዓሣ ስለሆነ በዝናብ ሌሊት ከኩሬ ወጥቶ በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ይሄዳል። ኩሬዎን ዙሪያውን በቆርቆሮ ወይም በጥቅጥቅ አጥር ይከልሉት።

ሦስተኛው ቀላሉ ነው፤ ስድስት ወር ሳያልፍ ኩሬውን አፍስሶ ሁሉንም ማውጣት። ለአሁኑ ችግርዎ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ውኃውን ጨርሰው ያፍስሱ። ጭቃው መሐል የቀረች ኩባያ የምታህል ውኃ እንኳ ጫጩት ትደብቃለችና መሬቱ እስኪሰነጠቅ ፀሐይ ያስመቱት፣ ኖራም ይበትኑበት። ከወጡት ውስጥ ከፍ ያሉትን ወንዶች መርጠው ይመልሱ። ትንንሾቹን ጠብሶ መብላት ይቻላል፤ ለልጆች ከእነአጥንቱ መልካም ምግብ ነው። ቀቅለውና አድርቀው ለዶሮ መኖ ቢፈጩትም አይከስሩም።

መኖውንም ያሻሽሉት። ፉርሽካ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሠራም። የኑግ ፋጉሎ ይቀላቅሉበት፤ እኔ ሁለት እጅ ፉርሽካ ለአንድ እጅ ፋጉሎ እላለሁ። በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ማዕዘን ያብሏቸው። ለምደው ሲሰበሰቡ ማን እንደበላና ማን እንደታመመ በዓይንዎ ያውቃሉ። አንድ ነገር ግን ይታገሡ፤ የጣና አካባቢ ውኃ ሙቀቱ ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ነው። ቆሮሶ በጣም የሚመቸው ከ27 እስከ 30 ነው። ስለዚህ በቆላ የሚኖሩ አርቢዎች በስድስት ወር የሚያወጡትን እርስዎ ከዚያ ዘግይተው ቢያወጡ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

ጥያቄ፦ በዳንግላ አካባቢ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ትንሽ የዓሣ ኩሬ አለን። ሰሞኑን ማለዳ ስመጣ ዓሦቹ ሁሉ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው ይተነፍሳሉ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ይጠፋሉ። ትናንት ግን አሥራ ሁለት ሞተው አገኘን። ተማሪዎቹ አዝነዋል። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ በሽታ አይደለም፤ ዓሦቹ ታፍነው ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ ገበሬ ኩሬ ዳር የቆምኩበት ማለዳ ትዝ አለኝ። ውኃው ነጥቷልና ኩስ ጨምርበት ብዬ የመከርኩት እኔ ነበርኩ። እርሱም ባለሙያ ተናገረች ብሎ ሁለት ጆንያ ገለበጠበት። በሦስተኛው ቀን ደመና ዋለ። በአራተኛው ማለዳ ኩሬው በነጭ ሆድ ተሸፍኖ ደረስኩ። ሰውየው አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ያ ዝምታው እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠን ሳልናገር ፍግ ጨምሩ ብዬ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍግ እየበዛ ኩሬውን አረንጓዴ የሚያደርገው ዋቅላሚ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። በላዩ ላይ ፍጉ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይበላል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይታደሳል፤ ዓሦቹ የሚጠፉትም ለዚህ ነው። በክረምት ሰማዩ ደመና ሲውል ዋቅላሚው የሚገባውን አያመርትም፤ ሌሊቱ ግን ያንኑ ያህል ይበላል። የእናንተ አገር ደግሞ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በቆላ የተጻፈ የፍግ መጠን በደጋ እንዳለ አይሠራም።

ዛሬውኑ ፍጉንም መኖውንም ያቁሙ። የታችኛውን ውኃ ጥቂት ያፍስሱና አዲስ ውኃ ከከፍታ እየወደቀ እንዲገባ ያድርጉ፤ ውኃ ሲወድቅና ሲረጭ አየር ይዞ ይገባል። በአስቸጋሪ ማለዳ ተማሪዎቹ በባልዲ እየቀዱ ከፍ አድርገው ቢያፈሱትም ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ ፍግ ለመጨመር ሲያስቡ ክንድዎን ወደ ውኃው ያስገቡ። ውኃው ክርንዎ ሲደርስ መዳፍዎ ከተሰወረ ልኩ ነው። ገና ወደ አንጓዎ ሳይደርስ ከተሰወረ በዝቷል፤ ምንም አይጨምሩ። ክንድዎ ሁሉ ከታየ ግን ጥቂት ይጨምሩ። ይህን መለኪያ ለተማሪዎቹ ይስጧቸው፤ በየሳምንቱ አንድ ተረኛ ይለካና ይመዝግብ።

ጥያቄ፦ ምግብ ቤት አለኝ። ከኩሬ የምገዛው ዓሣ ጭቃ ጭቃ ይላል፤ የሐይቁ ግን አይልም። ምን ላድርግ? (ባሕር ዳር)

መልስ፦ ጣዕሙን የሚሰጠው በኩሬ ውኃና ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ጥቃቅን ፍጥረታት የሚያወጡት ንጥረ ነገር ነው፤ ዓሣው በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ገብቶ ስቡ ውስጥ ይቀመጣል። ሎሚና በርበሬ ይሸፍነው ይሆናል እንጂ አያወጣውም። አርቢዎን ያናግሩ። ዓሣው ከመታረዱ በፊት ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ገንዳ ውስጥ፣ ያለ መኖ፣ ለጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ይቆይ። ጥቂት ክብደት ይቀንሳልና ያንን ልዩነት በዋጋ ይካሡት፤ ይህ ለሁለታችሁም ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ከሳዑዲ ዓረቢያ ሰባት ዓመት ሠርቼ ተመልሻለሁ። ፎገራ ላይ የቤተሰብ መሬት አለን። በዓሣ እርባታ መሥራት እፈልጋለሁ። የእኛ ቆሮሶ አዝጋሚ ስለሆነ ከውጭ አገር ጊፍት የሚባለውን ፈጣን ቆሮሶ በዘመድ በኩል ላስመጣ አስቤአለሁ። በዕድሜ ልጅዎ ነኝና ምክርዎን አይንፈጉኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን በሰላም ለአገርህ አበቃህ። የሰባት ዓመት ላብህን መሬት ላይ ለማዋል ማሰብህ አስደስቶኛል። በዘመድ ሻንጣ የሚመጣውን ዓሣ ግን ተወው። ይህን የምልህ ሕግ ስላለ ብቻ አይደለም። ሕግማ አለ፤ የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው፤ ሥራህን ከመጀመርህ በፊት አንብበው። እኔ ግን ከሕጉ በፊት ዓሣውን እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

ጣና የተዘጋ ቤት ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ነው። ከታች ያለ ዓሣ ያንን ግድግዳ ወጥቶ ወደ ሐይቁ መግባት አይችልም። ስለዚህ በላይ ያለው ዓሣ ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1992 ስዩምና ኮርንፊልድ የተባሉ ተመራማሪዎች የጣናን ቆሮሶ ከሌላው የናይል ቆሮሶ ለይተው ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ብለው መዝግበውታል። ስሙም «ጣና» ነው፤ በሳይንስ መዝገብ ላይ የሐይቁን ስም ይዞ ገብቷል። ቆሮሶ ከቆሮሶ ይዳቀላል። ያንተ ዓሣ ወደ ሐይቁ ከገባ እንደ እንቦጭ በዓይን የሚታይ አረም አይሆንም፤ ማንም ሳያውቀው ከአገሬው ጋር ይዋለዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ለይቶ ሊያወጣው አይችልም።

«ኩሬዬ ውስጥ ነው የማስቀምጠው» ትለኝ ይሆናል። መሬትህ ፎገራ ነው። ፎገራ በክረምት ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ርብና ጉማራ ከአፋቸው ወጥተው ሜዳውን ሲያለብሱት በኩሬና በሐይቅ መካከል ድንበር አይኖርም። አምባዛ ራሱ እንቁላሉን ለመጣል ወደዚያ የተጥለቀለቀ ሜዳ ይወጣል፤ እርሱ በሚሄድበት መንገድ ያንተም ቆሮሶ ይሄዳል። ይህ ይሆን ይሆናል የሚባል አደጋ አይደለም፤ በአንዱ ክረምት የሚመጣ ነገር ነው።

የጊፍትን ታሪክም ላጫውትህ። ዝርያው እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ፊሊፒንስ ውስጥ በተደረገ የማሻሻል ሥራ የተገኘ ነው። መነሻው ከየት ይመስልሃል? ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተወሰደ የዱር ቆሮሶ፣ በእስያ ቀድሞ ይረባ ከነበረው ጋር ተዳቅሎ ነው። ፍጥነቱ የተገኘው የአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች ንጹሕ ዘር ጠብቀው ስለቆዩት ነው። ነገ ብርድ የሚችል ወይም በሽታ የሚቋቋም ቆሮሶ የሚፈልግ ሰው ሲመጣም መጥቶ የሚያንኳኳው እንዲህ ያለውን የዱር በር ነው። ከ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚኖር የጣና ቆሮሶ ምን ዓይነት ጠባይ በደሙ ይዞ እንደሆነ ገና ተመርምሮ አላለቀም። አንተ ሻንጣ ይዘህ ስትመጣ የምታፈርሰው ያንን ጎተራ ነው።

የቪክቶሪያ ሐይቅንም አስብ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ለሥጋው ተብሎ ገባ። በኋላ ተባዝቶ የሐይቁን ብርቅዬ ትንንሽ ዓሦች በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች ጠራርጎ ለማጥፋት ዋና ምክንያት ሆነ። ያስገቡት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዳንተ ብዙ ሥጋ የፈለጉ ነበሩ።

እንግዲህ ይህን አድርግ። ባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። ሄደህ የጣናን ቆሮሶ ጫጩት ጠይቅ፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው ውኃ እንደመጣም በጽሑፍ አስይዝ። ከቤተሰብህ መሬት ጎርፍ የማይደርስበትን ከፍ ያለ ቦታ ምረጥ፤ ሽማግሌዎችን ጠይቅ፣ ውኃው ከሁሉ የከፋበት ዓመት የት እንደደረሰ ያሳዩሃል። አፈሩ ውኃ ይይዝ እንደሆነ ለማወቅ እፍኝ አፈር አርጥበህ ድቡልቡል አድርገህ ጨብጠው፤ ወደ ላይ ወርውረህ ስትቀልበው ካልተበተነ ሸክላነት አለው። ከዚያም አንድ ጉድጓድ ቆፍረህ ምሽት ውኃ ሞልተህ ማለዳ እየው። ውኃ መግቢያውንና መውጫውን በጥቅጥቅ ወንፊት ዝጋ። መጀመሪያ አንድ ኩሬ ብቻ ቆፍር። ገንዘብህን ሁሉ በአንድ ዓመት መሬት ውስጥ አትቅበረው። ከላይ ለእኅቴ የጻፍኩትን ወንዱን ከሴቷ የመለየት ሥራ ከተማርክ የአገርህ ቆሮሶ አዝጋሚ እንዳልሆነ ታየዋለህ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው በአያቴ ስም ነው። ዕድሜያቸውን ሁሉ በጉማራ አፍ ዓሣ ያሰገሩ ናቸው። እንዲህ ብለው አስጽፈውኛል፦ «በእኛ ጊዜ ሐምሌ ሲገባ ጉማራ አፍ ላይ መቅዘፊያው ከዓሣ ጋር ይላተም ነበር። አሁን ነጭ ዓሣ የት ገባ? አንዱ እንቦጭ ነው ይላል፣ ሌላው የዓሣ መርዙ ብርብራ ነው ይላል። አባቶቻችን በብርብራ ሲያሰግሩ ኖረው ዓሣው አልጠፋም። መንግሥት ጫጩት አራብቶ ሐይቁ ላይ ቢበትንልን አይመለስም?»

መልስ፦ አባቴ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። መቅዘፊያው ከዓሣ ጋር ይላተም ነበር ያሉትን እኔም ጥቂቱን ደርሼበታለሁ። ወጣት ሳለሁ በነሐሴ ማለዳ ከጉማራ አፍ የወጣ ዓሣ እየከፈትኩ እመረምር ነበር። ቢላዋው በገባ ቁጥር እንቁላሉ እንደ ተፈተፈተ ገንፎ ይወጣል። አንዱን ጨርሼ ሌላውን ስከፍት እንቁላል፤ ሌላውን ስከፍት እንቁላል። መዝገቡ ላይ «ለመጣል የደረሰ» ብዬ እየደጋገምኩ አስጻፍኩ። ያን ጊዜ ቃሉን ጻፍኩ እንጂ የሚያመለክተውን ጥፋት ሙሉ በሙሉ አልተረዳሁትም ነበር።

እርስዎ ነጭ ዓሣ የሚሉት አንድ ዓሣ አይደለም። ዓሣ አስጋሪዎች መልካቸው እንደሚለያይ ድሮም ታውቁ ነበር፤ አፈ ትልቁን፣ ከንፈረ ወፍራሙን፣ ጀርባው ጎበጥ ያለውን ትለያላችሁ። የሆላንድ ተመራማሪዎቹ ናግልኬርከና ሲቢንግ ከአገር ልጆች ጋር ሆነው ሲያጠኑት ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን በጣና ውስጥ አሥራ አምስት ዝርያ ለዩ። አንዱ በጎርጎራ ስም ተጠርቷል። ከአሥራ አምስቱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እየበሉ የሚኖሩ ናቸው። ይህ ከቤተሰባቸው ጠባይ የወጣ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ቤተሰብ ዓሦች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ ሆኑ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ትልልቅ የዚህ ቤተሰብ ዓሦች መንጋ ተጠብቆ የሚገኘው ጣና ላይ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ለተማሪዎች ሳስተምርም እንዲሁ ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚራቡት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይን እየተከተሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ዋናው ወንዝ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ሳይሆን ከላይ ባሉት ትንንሽ ገባሮች፣ ውኃው ጠርቶ በጠጠር ላይ በሚሮጥበት ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መሐል ይገባል፤ የሚሮጠው ውኃ አየር ያቀርብለታል። ጭቃ ከሸፈነው ይሞታል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ድሮ በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን ብቻ የሚሠራው አስጋሪ ራቅ ብሎ እንዲሠራ፣ ከተማውም ዓሣ እንዲያገኝ ነበር። ነገር ግን መረብ ያለው ሰው ዓሣ የሚሰበሰብበትን ቦታና ወር ፈልጎ ያገኛል። የተገኘውም የወንዝ አፍ፣ የተገኘውም ወር ሐምሌና ነሐሴ ሆነ። ደ ግራፍ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የተያዘውን ሲያወዳድሩ የነጭ ዓሣ ምርት በ75 በመቶ ቀንሶ አገኙት፤ የትንንሾቹማ በ90 በመቶ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ትልልቆቹ የሚያልቁት መጨረሻ ላይ ነው፤ ትንንሾቹ ሲጠፉ ግን የሚተካ ጠፋ ማለት ነው። ነጭ ዓሣ እንደ ቆሮሶ በየወሩ አይወልድም፤ ዓመታት ቆይቶ ለመራባት ይደርሳል፣ በዓመትም አንድ ክረምት ብቻ አለው። ያቺን አንድ ክረምት በመረብ ከዘጋንበት ሌላ ቀጠሮ የለውም።

እንቦጩ በሐይቁ ላይ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2011) ገደማ ነው። የነጭ ዓሣው ጉድለት ግን ከዚያ በፊት ተለክቶ አልቋል። እንቦጭ ዛሬ የሚጎዳው ዳር ዳሩን፣ ቆሮሶ ጎጆ የሚሠራበትንና ጫጩት የሚሸሸግበትን ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው፤ ለዚያ ቢከሰስ ይገባዋል፤ ለነጭ ዓሣው መጥፋት ግን መነሻ አይደለም።

የብርብራውን ነገር ስናገር አባቶችን መንቀፍ አልፈልግም። እነርሱ የያዙት በታንኳ ነበር፤ ሐይቁ መሐል ማንም የማይነካው ብዙ ዓሣ ነበር፤ ከወንዝ በብርብራ የተወሰደው በዚያ ይተካ ነበር። ዛሬ መካከሉም ተነክቷል። ብርብራ ደግሞ ትልቁን ከትንሹ አይመርጥም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ መርዙ በስንጥብ በኩል ገብቶ የዓሣው አካል ኦክስጅንን እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ጫጩቱም፣ ጫጩቱ የሚበላው የውኃ ውስጥ ትላትልም አብሮ ያልቃል። በጠጠሩ ላይ እንቁላል በተጣለበት ሰሞን አንድ ቁና ብርብራ የሚያደርሰው ጉዳት ከአንድ መረብ ይበልጣል።

ጫጩት አራብቶ መበተን ያሉትን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ቢቻል እንኳ የተበተነው ጫጩት አድጎ ወደ ጉማራ አፍ ሲመጣ የሚጠብቀው ያው መረብ ነው። ከመረቡ ቢያመልጥ ወንዙ ውስጥ አሸዋና ጠጠሩ ተጭኖ ሄዷል፤ ወይም ከላይ የታረሰው ተዳፋት አፈር ጠጠሩን ሸፍኖታል፤ ወይም ግድብ መንገዱን ዘግቶበታል። በርብ ላይ የተሠራው ግድብ ለመስኖ ይጠቅማል፤ ለዚያ ዓሣ ግን ግድግዳ ነው። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ከጫጩቱ በፊት ሁለት ወር ተኩል ያህል ነው፤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ መረቡ ከወንዝ አፍ ይነሣ፣ መስከረም ሲያልቅ ይመለስ። አስጋሪው በእነዚያ ወራት ምን ይበላል የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው። በአፉ ላይ መረብ መጣል ቢቀርም ከአፉ ራቅ ብሎ ቆሮሶና አምባዛ ማስገር ይችላል። ይህንን የማስከበር አቅም ያለው ደግሞ ከባሕር ዳር የሚላክ ጠባቂ ሳይሆን የእርስዎ ማኅበር ነው፤ የማን ጀልባ በየትኛው ሌሊት የት እንደነበረ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ልመና አለኝ። የልጅ ልጅዎ ብዕር መያዝ ያውቃልና ደብተር ያዘጋጅ። በእርስዎ ወጣትነት ነጭ ዓሣ ሲወጣ ያዩባቸውን ገባሮች አንድ በአንድ ስማቸውን ይጻፍ፤ ጠጠር የነበረበትን ቦታ፣ አሁን ምን እንደሆነ፣ የትኛው ዓሣ መጀመሪያ እንደሚመጣና የትኛው እንደሚከተል፣ በየትኛው በዓል ሰሞን እንደሆነ ጭምር። በነሐሴ አጋማሽ ወደ ጉማራ እመጣለሁ። በጀልባ ሳይሆን በእግር፣ ከአፉ ተነሥተን ወደ ላይ እንሂድ፤ ጉልበትዎ እስከቻለበት ድረስ እርስዎ ይምሩን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ደብተሩን ይዘን ከልጁ ጋር እንቀጥላለን።